የአማትህ ደመወዝ ስንት ነው?

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 34 ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ፋብሪካ በሒሳብ ሠራተኛነት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ደመወዜ 16,000 ብር ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ትልቁ ልጄ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ትንሿ ሦስት ዓመቷ ነው። በቅርቡ አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ የሚገኝ ድርጅት ተወዳድሬ አለፍኩ፤ 30,000 ብር ይከፍሉኛል። ደመወዜ እጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። የባለቤቴ ልብ ግን አልተነሳም። እሷ ቤት ውስጥ እንጀራ ጋግራ ለሁለት ምግብ ቤቶች ታስረክባለች፤ ወጪዋ ተቀንሶ በወር 4,500 ብር ገደማ ይተርፋታል። ልጆቹን አማቴ ናቸው የሚይዙልን፣ በዚያ በኩል ወጪ የለብንም። የቤት ኪራያችን 4,000 ነው። ሥራ የምሄደው በእግሬ ነው፣ ምሳዬንም ቤቴ ገብቼ እበላለሁ። ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ጓደኛዬ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም በ11,000 ብር አግኝቶልኛል። ለታክሲ ደርሶ መልስ በቀን 100 ብር ይበቃሃል ብሎኛል። ሳሪስ ያለችው አክስቴም ለጊዜው እኔ ጋ ና ብላኛለች። የሁለቱን ከተሞች የገበያ ዋጋ ጽፌ አያይዤልዎታለሁ፤ ልዩነቱ በወር 600 ብር ብቻ ነው። ወንድሜ ‹አዲስ አበባ ካልገባህ ሰው አትሆንም› ይለኛል። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ስጥ ተብያለሁ። እባክዎ ይምከሩኝ።
ግራ የገባኝ፣ ከደብረ ብርሃን»

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። በዚህ ዘመን ያለ ዘመድ ተወዳድሮ ማለፍ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብትሄድም ብትቀርም ይህን ማንም አይወስድብህም።

ዝርዝርህን ደጋግሜ አየሁት። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ዘይት፣ ምስር፣ ሳሙና፣ ሁሉም በሁለት ዓምድ ተደርድሯል፤ ከሥሩ ድምሩ በሁለት መስመር ተሰምሮበታል። የሒሳብ ሰው እጅ ያስታውቃል። ሰው ከተማ ሊቀይር ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እዚያ ሽንኩርት ስንት ነው?» ብሎ ነው፤ እኔም በጊዜዬ ጠይቄያለሁ። መልሱን ግን አንተው አግኝተኸዋል፦ 600 ብር። የመብራት ታሪፉ አገር አቀፍ ነው፣ የስልክ ካርዱም ያው ነው። ለከሰል የምታወጣው እንዲያውም ሊቀንስልህ ይችላል፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ስለዚህ ገበያውን እዚህ ላይ እንተወውና ወደ ደመወዙ እንምጣ።

የሒሳብ ሠራተኛን ግብር ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ግን ደብዳቤህ ውስጥ ያወዳደርከው 16,000ን ከ30,000 ጋር ነው፤ ሁለቱም ደግሞ እጅህ የማይገቡ ቁጥሮች ናቸው። በ2017 ሐምሌ በተሻሻለው የገቢ ግብር ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ይቆረጥበታል፤ ጡረታው 7 በመቶ ነው። ያንተ ደመወዝ ከ14,000 ያለፈ ስለሆነ፣ ከአሁን በኋላ ከሚጨመርልህ ከእያንዳንዱ 100 ብር እጅህ የሚገባው 58 ብር ነው። ዛሬ ከ16,000 ላይ 3,550 ለግብር፣ 1,120 ለጡረታ ተቆርጦ 11,330 ትወስዳለህ። ከ30,000 ላይ ደግሞ 8,450 ግብርና 2,100 ጡረታ ተቆርጦ 19,450 ይቀርሃል። ወረቀቱ ላይ 14,000 ያለው ጭማሪ ኪስህ ሲደርስ 8,120 ሆነ። ጡረታው ያው ያንተው ነው፣ አይጠፋም፤ ግን በጡረታ ኪራይ አይከፈልም።

8,120ን ያዝ። የቱሉ ዲምቱው ቤት ከአሁኑ በ7,000 ብር ይበልጣል፤ 1,120 ቀረ። ታክሲው በወር 24 የሥራ ቀን ብንይዝ 2,400 ነው፤ እዚህ ላይ ከዜሮ በታች ወረድን። ገና ሽንኩርት አልገዛንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ደብዳቤህን ሳነብ ብዕሬን ይዤ ያሰመርኩበት ዓረፍተ ነገር አንድ ብቻ ነው፦ «ልጆቹን አማቴ ናቸው የሚይዙልን፣ በዚያ በኩል ወጪ የለብንም።» የአማትህ ደመወዝ ስንት ነው? ዜሮ አትበለኝ። ባለቤትህ ንጋት ላይ ተነስታ ምጣዱን ስታሰማ፣ የሦስት ዓመቷን ልጅ ከጋለ ምጣድ የሚያርቅ ሰው ባይኖር እነዚያ ምግብ ቤቶች እንጀራቸውን በሰዓቱ አያገኙም ነበር። 4,500 ብሩ የሁለት ሴቶች ሥራ ነው፤ አንዷ ትጋግራለች፣ አንዷ ልጅ ይይዛሉ። ሦስተኛው ባለድርሻ ደግሞ ስድስት ዓመት የኖራችሁበት ሰፈር ነው። ምግብ ቤቶቹ ባለቤትህን ያውቋታል፣ እንጀራዋ ዓይን እንዳለው ያውቃሉ፣ አንድ ቀን ብታረፍድ ይታገሷታል።

ቱሉ ዲምቱ ስትገቡ ይህ ሁሉ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። እዚያ እንጀራ የሚሸጥ ሰው ሞልቷል፤ በየብሎኩ ሥር ያለው ሱቅ ሁሉ የራሱ አቅራቢ አለው። አታገኝም አልልም፣ ባለሙያ ሴት ገበያ አታጣም። ግን ወራት ይፈጃል፤ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ሊጡን የት እንደምታቦካው፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ስንት ጄሪካን እንደምትሞላም አስብበት። ደግሞም ልጅቷን ማን ይይዛታል? ሠራተኛ ከቀጠራችሁ ደመወዟ፣ ምግቧ፣ መኝታዋ አለ፤ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ አራት ሆናችሁ አምስተኛ ትጨምራላችሁ። ካልቀጠራችሁ ባለቤትህ ሥራዋን ትታ ልጅ ትይዛለች። ከሁለት አንዱ ነው የሚሆነው፤ ስለዚህ የሠራተኛዋን ደመወዝና የባለቤትህን ገቢ ሁለቱንም ወጪ ላይ አልጽፍብህም። የጠፋውን 4,500 ብቻ እይዛለሁ።

እንግዲህ ኪራይ 7,000፣ ታክሲ 2,400፣ የባለቤትህ ገቢ 4,500፣ ገበያ 600፤ ድምሩ 14,500 ነው። ጭማሪህ 8,120። በየወሩ 6,380 ብር ይጎድልሃል ማለት ነው። ጉድለቱን በደመወዝ ልሙላ ብትል ለ58 በመቶ አካፍለው፤ ልክ 11,000 ይመጣል። አዲስ አበባ ገብተህ ዛሬ ደብረ ብርሃን ያለህን ኑሮ ብቻ ለመኖር፣ አንድ ብር ሳታተርፍ፣ 41,000 ብር ደመወዝ ያስፈልግሃል። ሥራው የቀረበልህ በ30,000 ነው።

ይህም ዱቤውን ሳይጨምር ነው። እስቲ ልጠይቅህ፦ ደመወዝ ከመውጣቱ በፊት ባለው ሳምንት ዘይቱን ከየት ነው የምታመጡት? ጥግ ላይ ያለው ባለሱቅ ደብተሩ ላይ ይጽፍልሃል አይደል? ቱሉ ዲምቱ ላይ ስምህን የሚያውቅ ባለሱቅ እስክታገኝ ጥሬ ገንዘብ ይዘህ መገኘት አለብህ። እድርም አለ፤ የዚያኛውን ትተህ አዲሱ ጋ መመዝገቢያ ትከፍላለህ። ዕቁብ ላይ ከሆንክና ዕጣህ ቀድሞ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ቀሪውን ከአዲስ አበባ ሆነህ መጣል አለብህ። እነዚህን በብር አልተመንኩልህም፤ ዝርዝሩን ግን ከባለቤትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ አውጡት። በነፃ የምታገኙት ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ይጻፍ። ከሽንኩርቱ ዝርዝር ይልቅ የሚጠቅምህ እሱ ነው።

ስለ ታክሲው ጓደኛህ አልዋሸህም፣ ጎረምሳነቱ ነው ያናገረው። 100 ብሩ የሚሠራው ታክሲው ሙሉውን መንገድ ሲጭን ነው። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሜክሲኮ ሰልፍ ይዘህ ቆመህ ተራህ ሲደርስ፣ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ሳሪስ ብቻ! ሳሪስ ብቻ!» ይልሃል። መንገዱን ይቆራርጡታል። ሳሪስ ወርደህ ሌላ ሰልፍ፣ ቃሊቲ ወርደህ ሌላ ሰልፍ። ቤት ስትገባ ልጆቹ ተኝተዋል። ስለዚህ ሥራውን ከመቀበልህ በፊት ከዓመት ፈቃድህ ላይ ሁለት ቀን ውሰድ፤ ጓደኛህ ቤት አድረህ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከእሱ ጋር ተሰለፍ፣ ማታም በሥራ መውጫ ሰዓት ተመለስ። ስንት ብር፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀብህ ጻፍ። እሁድ ቤት ሊያዩ ሄደው መንገዱ ክፍት መስሏቸው የተከራዩ ሰዎችን ብዙ አውቃለሁ።

ወንድምህ ስላለህ ነገር ብዙ አልናገርም። እሱ ኪራዩን ይከፍልልሃል ወይ ብለህ ጠይቀው።

ታዲያ እንቢ ልበል ወይ ትለኛለህ። አይ፣ ሥራውን እንቢ አትበል፤ ቤተሰብህን ጭነህ መሄዱን ግን አሁን እንቢ በል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ይደርሳል፤ ሁለት ወር ተኩል ገደማ በለው። በዚህ ጊዜ ውስጥ «አልተስማማኸንም» ብለው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱህ ይችላሉ። አንተም ሥራውን ላትወደው ትችላለህ። ቤት አፍርሶ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት አስወጥቶ፣ አማትን ብቻቸውን ትቶ ከመጡ በኋላ በሁለተኛው ወር መባረር ምን እንደሆነ አስበው። ስለዚህ ብቻህን ሂድ። አክስትህ ሳሪስ ናት፤ ከሳሪስ ሜክሲኮ ባቡሩ ሳይቀይር ያደርስሃል፣ በቶሎ ከመጣ።

ይህም ቢሆን በነፃ አይደለም። አክስት ቤት ባዶ እጅ አይገባም፤ ለስኳር፣ ለዘይት፣ ለበዓል በወር 1,500 ያዝ። ለመንገድ 1,000። ምሳህን እስከዛሬ ቤትህ ስለበላህ ዋጋውን አታውቀውም፤ በቀን 150 ብር ብለን 24 ቀን 3,600 ነው። በወር ሁለት ጊዜ መንገዱ ክፍት ሲሆን ከላምበረት ተሳፍረህ ቤተሰብህን ለማየት 1,200 በለው። በእኔ ግምት 7,300 ይሆናል፤ ከ8,120 ላይ 820 ብር ተረፈችህ። ሀብታም አልሆንክም። ግን የባለቤትህ ገበያ አልተነካም፣ ልጁ ክፍሉን አልለቀቀም፣ የአራት ሺህ ብሩ ቤትም በእጃችሁ ነው። ሥራው ምን እንደሚመስል፣ ከሙከራ በኋላ ምን እንደሚጨምሩልህ ደግሞ በዚያ ጊዜ ታዩታላችሁ።

ከመፈረምህ በፊት ከድርጅቱ ጋር መነጋገር ትችላለህ፤ ተወዳድረህ አልፈሃልና አትፍራ። ደመወዙ ላይ ብቻ አትከራከር። 2,000 ብር ደመወዝ ላይ ቢጨምሩልህ እጅህ የሚገባው 1,160 ነው። ያው 2,000 በትራንስፖርት አበል ቢሰጥህ፣ አበሉ በሕግ በተወሰነው ልክ ከግብር ነፃ ስለሆነ፣ ሙሉውን ልታገኘው ትችላለህ። የሠራተኛ ሰርቪስ መኪና እንዳላቸው፣ በየት በኩል እንደሚያልፍ ጠይቅ፤ የሰርቪሱ መስመር የምትከራይበትን ሰፈር ሊወስንልህ ይችላል። ከሙከራ በኋላ የደመወዝ ማስተካከያ አለ ካሉህ «አለ» ብቻ አይበቃም፣ ስንትና መቼ የሚል ወረቀት ላይ ይስፈር። አሁን ያለህበት ፋብሪካ ደግሞ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይፈልግብሃል፤ ስለዚህ አዲሱ ድርጅት «ነገ ጀምር» ቢልህ አትሽቀዳደም። ስትለቅ ያልወሰድከው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተተምኖ ይከፈልሃል፤ እሷን አትንካት፣ ወደፊት ለቤት መያዣ ትሆንሃለች።

ሙከራው አልፎ ነገሩ ካማረህ ቤተሰቡ የሚንቀሳቀሰው በክረምት ነው። ሐምሌ ላይ ትምህርት ተዘግቶ፣ ለልጁ ከትምህርት ቤቱ፣ ለእናንተም ከቀበሌው መሸኛ ይዛችሁ። ልጁ አዲስ አበባ ሲመጣ የት እንደሚማር የጻፍከው የለም፤ አዲስ አበባ የገባ ሰው ሁሉ ግን ልጁን የግል ትምህርት ቤት ካላስገባ ሰው ፊት የሚቆም አይመስለውም። ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት መንግሥት ትምህርት ቤት ይማር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይበላሉ፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ከከተማው ነው። አዲስ አበባ የሚረክስልህ ትልቁ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ቤት ስትከራይም ሕጉን ይዘህ ግባ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ አከራዩ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ መንግሥት ከሚያወጣው ልክ አያልፍም። ደላላው «ይሄ ለወረቀት ነው፣ ስድስት ወር አምጣ» ቢልህ፣ ስድስት ወር በ11,000 ስንት እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። ሁለት ወሩ ራሱ 22,000 ነው፤ የደላላውን ኮሚሽን ደግሞ ቤቱን ከማየትህ በፊት ተስማማ።

ዕቃውን በተመለከተ የራሴን ልንገርህ። ከደሴ አዲስ አበባ ስገባ፣ 2003 ዓ.ም. ነው፣ እናቴ የሰጠችኝን ትልቅ ቁም ሳጥን አይሱዙ ላይ ጭኜ መጣሁ። የተከራየሁት ቤት አራተኛ ፎቅ ነበር። ጫኝና አውራጆቹ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ቁም ሳጥኑ ግድግዳና የደረጃው ብረት መካከል ተቀረቀረ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም እንቢ አለ። የብሎኩ ሰው ሁሉ ከላይና ከታች ተሰብስቦ እየመከረን፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም መውጣት መግባት አልቻለም። በመጨረሻ በሩን ነቅለው፣ አንድ እግሩን በመጋዝ ቆርጠው አወረዱት። ለማውረጃ የተጠየቅሁት ከማምጫው በለጠ። ቁም ሳጥኑን እዚያው ግቢ በር ላይ ለአንድ ቆራሌ ሸጥኩት፤ በስንት እንደሆነ እስከዛሬ ለእናቴ አልነገርኳትም። ብፌና ቁም ሳጥን ካላችሁ ደብረ ብርሃን ላይ በደህና ዋጋ ሽጡ። ፍራሹን፣ የባለቤትህን ምጣድና የሊጥ ዕቃዎቿን ግን አንድም አታስቀሩ፤ የራስዋን መተዳደሪያ የምትጀምረው በእነሱ ነው።

ስለ አማትህ አንድ ነገር ልጨምር። አብረውን ይምጡ ብላችሁ አስባችሁ ይሆናል። በገንዘብ ካየነው ሒሳቡን ሁሉ ይገለብጠዋል፤ ባለቤትህ ትጋግራለች፣ ልጅቷም ሰው አላት። ነገር ግን እሳቸው ቤታቸው፣ ቤተክርስቲያናቸው፣ የቡና ጎረቤታቸው ደብረ ብርሃን ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጣችኋቸው ደረጃውን እየፈሩ ቀኑን በረንዳ ላይ ሲውሉ ይታየኛል። እንደሚፈልጉ በእናንተ ግምት አትወስኑ፤ ጠይቋቸው፣ «እንዳልከብዳችሁ» ብለው ቢሸሹም ደግማችሁ ጠይቋቸው። ከተስማሙ ምድር ቤት ያለው ቤት ፈልጉ፣ ኪራዩ ትንሽ ቢጨምርም።

ይህን መልስ ለባለቤትህ አንብብላት። 4,500 ብር የሚለውን ቁጥር ግን እሷ ታርመው፤ እኔ የሰማሁት ካንተ ነው፣ «ገደማ» ብለህ ነው የጻፍከው።